ሰርጉ ደጅ ወጣ

የልጄ እጮኛ እናት ሂሩት ገንቦዬን ከጠረጴዛ አንስታ ጋራዥ ውስጥ፣ ከበረዶ አካፋው ጎን አስቀመጠችብኝ። በደሏ ይኸው ነው። ግብዣው ደግሞ የምን ግብዣ መሰላችሁ? የገጠር ኑሮ! የገጠር ኑሮ በተባለ ድግስ ላይ እውነት ከገጠር የመጣው ዕቃ የኔ ገንቦ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ምላሴን ማን እንደያዘልኝ ለመናገር ግን ራቅ ብዬ መጀመር አለብኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ከደሴ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ፣ እትዬ ዘነቡ የሚሏት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቤቷ ከወንዙ ማዶ፣ ከሰው ተነጥሎ ብቻውን የቆመ ነበር። ያኔ የሸክላ ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል ይባል ስለነበር፣ እሷ በሠራችው ድስት ወጡን ሠርቶ ጣቱን እየላሰ የሚበላው ሁሉ እሷን ከደፉ አያሳልፋትም። እናቴም አታሳልፋትም ነበር። እትዬ ዘነቡ ከገበያ ስትመለስ ጠምቷት ውሃ ከለመነች፣ እናቴ አጥር ላይ በተሰቀለ የተሸረፈ ቅል ቀድታ እዚያው እንደቆመች ትሰጣታለች። በቅሉ ከእሷ በቀር ማንም አይጠጣም።

እኔ ደግሞ «ወንዙን እንዳትሻገሪ፣ ትበላሻለች» ከተባልኩበት ቀን ጀምሮ እግሬን የሚይዘው ጠፋ። ሸክላ የምታቃጥልበት ቀን ከሩቅ በጢሱ ይታወቃል። ማሰሮውንና እንስራውን ጉድጓድ ውስጥ ደርድራ፣ በኩበትና በደረቅ ሣር ሸፍና እሳቱን ትለኩሳለች፤ ነበልባሉ አልፎ ፍሙ ከአመዱ ሥር መቅላት ሲጀምር፣ ያኔ ጉልበቷን አቅፋ ትቀመጥና ተረቷን ትጀምራለች። ሸክላው እስኪበርድ መነካት ስለሌለበት ተረቱም አይቸኩልም። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ፣ ፊቷ በፍሙ ብርሃን ቀልቶ፣ ድምጿ ጎርነን ያለ ነበር፤ እኔ አፌን ከፍቼ፣ ጢሱ ዓይኔን እየለበለበኝ፣ ከቦታዬ አልነቃነቅም።

ከተረቶቿ ሁሉ ያልለቀቀኝ የገንቦዋ ነው። ንጉሥ ልጁን ሲድር የወርቅ ማንቆርቆሪያው፣ የብር ዋንጫው፣ ብርሌው ሁሉ አዳራሽ ገቡ። ገንቦም ሰርግ አለ ብላ መጣች። በረኛው ከላይ እስከ ታች አይቷት፣ «አንቺማ ጭቃ ነሽ፣ ምንጣፍ ታቆሽሻለሽ፤ እዚሁ ደጅ ቁሚ» አላት። ቆመች። ቀትር ሲሆን የአዳራሹ ሙቀት በረታ፤ በወርቁ ማንቆርቆሪያ ያለው ውሃ ለብ ብሎ አፍ የማይገባ ሆነ። ገንቦ ግን ደጅ ነፋስ እያገኛት፣ ገላዋ ላብ በላብ እየሆነ፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ውሃ እንደ ምንጭ አቀዘቀዘችው። አንድ ሚዜ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ጠጣ። ለጓደኛው ነገረው። ጓደኛው ለአዝማሪው ነገረው። በመጨረሻ ሙሽሮቹም ወጡ።

«ንጉሡ ቀና ብሎ ቢያይ» ትላለች እትዬ ዘነቡ በሳቅ እየፈነዳች፣ «አዳራሹ ውስጥ የቀሩት እሱና ወርቁ ናቸው! ሰርጉ ደጅ ወጥቷል!»

«ንጉሡስ?»

«ገንቦ ጠራችዋ። ‹ጌታዬ፣ እርስዎንም ጠምቶዎታል፤ ይምጡ› አለችው።»

እኔ በገንኩ። «ለምን ትጠራዋለች? ይጠማው!»

«አይ የኔ ልጅ፣ ሰው ደጅ ማቆም የእሱ ሙያ ነው። የገንቦ ሙያ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው» አለችኝና ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረገችው።

መልሱ ያኔ አልተዋጠልኝም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ገንቦ ሠርታ፣ በወይራ ጢስ አጥና ሰጠችኝ። እናቴ ከማን እንዳገኘሁት ሳትጠይቅ ጠጥታበት «ውይ፣ እንዴት ያለ ውሃ ነው!» ስትል ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

በጋቢ ተጠቅልሎ ቶሮንቶ የገባው ይህ ገንቦ ነው። ክሬሰንት ታውን፣ አፓርትመንቴ መስኮት ሥር ተቀምጦ ልጄ ሩት ከእሱ ጋር አደገች። ባለፈው በጋ ላይ፣ «ማም፣ የሻወሬ ቲም ኮቴጅኮር ነው፤ ሂሩት ናት የምታዘጋጀው» አለችኝ። ሻወር ለሙሽራ ከሰርጉ በፊት የሚደገስላት ነው፤ ቲም የግብዣው መልክ ነው፤ ኮቴጅኮር ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። እኔ ትምህርቴን ገና በልጅነቴ አቋርጬ፣ ማንበብን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ የለመድኩ ሰው ነኝና፣ ያላወቅኩትን ነገር ላይብረሪ ሄጄ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሄጄ አነበብኩ! የገጠር ኑሮ ነው ለካ፤ የበፍታ ቀሚስ፣ የዱር አበባ፣ በእጅ የተቦካ ዳቦ፣ የማይቸኩል ኑሮ። ሥሩን ስቆፍር ደግሞ የፋብሪካ ጢስ ያፈናቸው ከተሜዎች የገጠር ናፍቆት ወጣ፤ ከዚያም በፊት በቤተ መንግሥት ግቢ የውሸት መንደር አሠርተው እረኛ እረኛ የተጫወቱ እመቤቶች ወጡ። እውነተኛዋ ላም አላቢ ግን ሥዕሉ ውስጥ የለችም። እንዴት ደስ አለኝ! የእትዬ ዘነቡን ተረት በእንግሊዝኛ ያገኘሁት መሰለኝ። ሸክላ እስኪበርድ ቁጭ ብሎ ተረት ማውራት የማይቸኩል ኑሮ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ገንቦዬን አጠብኩ፣ ብርዝ በጠበጥኩ፣ በበፍታው ፋንታ የሸማ ቀሚሴን ለብሼ ወደ ኖርዝ ዮርክ ገሰገስኩ።

ሂሩት ጓሮዋ ውስጥ ነጭ የላስቲክ ድንኳን አስተክላ፣ የአበባ ማሰሮ፣ የሎሚ ጭማቂ በትልልቅ ጠርሙስ ደርድራለች። ገንቦዬን ጠረጴዛው ላይ ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አስካልዬ፣ አትቀየሚኝ፤ ቲሙን ያበላሽብኛል።»

«ቲሙ ገጠር አይደል እንዴ?»

«ገጠር ነው፤ ግን... የዚህ አገር ገጠር።»

ይዛው ወደ ጋራዡ ሄደች። ሩት ክንዴን ያዘችና፣ «ማም፣ ፕሊስ። ዛሬን ብቻ» አለችኝ። ምላሴን ቸርች ውስጥ የማያውቅ የለም። አንድ ቃል ባወጣ ልጄ ከአማቷ ጋር የምትኖረውን ዕድሜ ገና ሳይጀመር ማሻከሬ ነው። ዝም ብል ደግሞ እትዬ ዘነቡን ዛሬም ደጅ ማቆሜ ነው። ስለዚህ ጽዋዎቹን ከጠረጴዛው ሰብስቤ ጋራዡ ገባሁና ከገንቦዬ አጠገብ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

ፀሐይዋ በረታች፤ ድንኳኑ ምድጃ ሆነ። መጀመሪያ የመጡት የሂሩት እናት እማማ አበበች ናቸው፣ በነጠላቸው ጫፍ እያራገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ታደርጊያለሽ እዚህ?»

«ብርዝ እጠብቃለሁ እማማ። ይቅመሱልኝ።»

ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ወንበር አምጪልኝ፤ እኔ ወዲያ አልመለስም!»

ከዚያ ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ። የሩት የሥራ ባልደረባ፣ ጃማይካዊቷ፣ ገንቦውን በሁለት እጇ ዳብሳ «የአያቴ ቤት እኮ እንዲህ ያለ ሸክላ ነበር!» ብላ ጮኸች። ሩት ራሷ የአበባ አክሊሏን እንደደፋች መጥታ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠችና፣ «ማም፣ የገንቦዋን ተረት ንገሪያቸው» አለች። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እየተቀባበልን ሰርጉን ደጅ አወጣነው። ጋራዡ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ሳይበርድ ሂሩት በሩ ላይ ደረሰች፤ ስልኳ በእጇ፣ ኩሏ በላብ ወርዶ። «ምን ሆናችሁ? ፎቶ ልንነሳ ነው እኮ፣ ድንኳኑ ባዶ ቀረ!»

ሩት ቀና ብላ አየችኝ። አፌ ላይ የተሰለፈውን ስድብ ብታዩ! ግን ያኔ፣ ከፍሙ ዳር እንደነበርኩት ሁሉ፣ ወይራው ሸተተኝ፤ በልጅነቴ ያልተዋጠልኝን መልስ ለመዋጥ ይህን ሁሉ ዘመን መፍጀቴም ገረመኝ። ከእትዬ ዘነቡ የቀረኝ ገንቦው ብቻ እንዳልሆነ ጽዋውን ስሞላ አወቅኩት። ለሂሩት ዘረጋሁላት፤

«ሂሩትዬ፣ አንቺንም ጠምቶሻል፤ ግቢ። እዚህ ቲም የለም፣ ብርዝ ነው ያለው።»