ፍሪጅ የገቡት ሕዋሶች

ጅቡቲ ውስጥ ከሰዓት ጫት ሲገባ ከተማው ይዘጋል። የላቦራቶሪው ሰዎች በሶማልኛና በፈረንሳይኛ እየተሳሳቁ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እኔ ከሕዋሶቼ ጋር እቀራለሁ። ሕዋስ ደግሞ ጨዋታ አያውቅም። በሕዋስ ውስጥ እንደ ቤት ማገር የተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ ማይክሮቲዩቡል ይባላሉ። የማጠናው እነሱን ይዞ የሚያቆመውን አንድ ፕሮቲን ነበር። ፈረንሳይ አገር ያሉት ፕሮፌሰሬ፣ ፕሮቲኑ ሥራውን ሲሠራ የሚያሳይ ፎቶ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላገኙ ጥናቱ እንደሚቆም ነግረውኛል። ያኔ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ አገሬ መመለሴ ነው።

አማርኛ የምሰማው ሥራ ውዬ ስገባ ብቻ ነው። ሀራሙስ በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ጓሮ ክፍል ተከራይቼ ነበር፤ ቪላው ውስጥ የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ አለች።

"እህቴ፣ ዛሬስ ትሎችሽ እንዴት ዋሉ?" ትለኛለች።

"ሕዋሶች ናቸው፣ ትል አይደሉም አልኩሽ እኮ!"

በማግስቱም ያው ትሎች ናቸው። ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ሌላ ማን ይጠይቀኛል?

አንድ ዓርብ የላቦራቶሪው መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ምድጃ ሆነ። የቀሩኝ ሁለት ሳህን ሕዋሶች ነበሩ፤ አንዱ ፕሮቲኑ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት። ቪላው ጄኔሬተር ስላለው ወደ ክፍሌ ወስጄ ማራገቢያዬ ሥር አስቀመጥኳቸው። ውሃ ገዝቼ ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

"ፍሪጅ ከተትኩልሽ" አለች የወሎዋ ልጅ። "በዚህ ሙቀት ውጪ ጥለሻቸው! ይበላሹ ነበር እኮ።"

እውነቷን ነው፤ በዚህ ከተማ ውጪ የዋለ ሁሉ ይበላሻል። ቱቦዎቹ ግን ብርድ ሲነካቸው ይፈራርሳሉ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

"ውይ በሞትኩት! ምን አደረግኩ?" እያለች አጠገቤ ተቀመጠች። ምን እንደሚያስለቅሰኝ ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች።

ከዚያ እልህ ያዘኝ። ከሞቱም ሞታቸውን ልየው ብዬ፣ ሳህኖቹን በበረዶ ይዤ ላቦራቶሪ ሄድኩና እንደቀዘቀዙ ባሉበት የሚያቆያቸውን መድኃኒት ጨመርኩባቸው። ቅዳሜ መብራት ሲመጣ በማይክሮስኮፕ አየኋቸው። ፕሮቲኑ በሌለበት ሳህን ቱቦዎቹ ድራሻቸው የለም። በሌላው ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል! ፕሮቲኑ ብርዱን አስችሏቸዋል። እሰይ! ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ ሰው የለም።

ፎቶውን ላክሁ። ፕሮፌሰሩ ወዲያው ደወሉ፦ ጥናቱ ይቀጥላል፣ እኔም እሳቸው ዘንድ ሄጄ እሠራለሁ። ወደ ቪላው በረርኩ።

"የምሥራች!" አልኳት።

"ምሥር ብይ!"

"ፍሪጅ መክተትሽ ነው ያዳነኝ! ፈረንሳይ ልሄድ ነው!"

እልል አለች። አቅፋ ሳመችኝ። ከዚያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ "መቼ?" አለች።

"በሚቀጥለው ወር።"

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለች ቀስ ብላ። "እኔስ እንግዲህ አማርኛ ከማን ጋር ላወራ ነው?"