በራዲዮ የሞተው አባት

ልጄ ሰመራ ቢሮ ስለምትሠራ እኔም በስተርጅና የሰመራ ሰው ሆኛለሁ። ከሰዓት በኋላ ካፌ እቀመጣለሁ። ከጎኔ ወጣቶቹ ትናንት ባዩት የቴሌቪዥን ድራማ ይጣላሉ። «አልሞተችም! ሬሳዋን አሳይተውናል?» ይላል አንዱ። «የሞተችው መንታ እህቷ ናት» ይላል ሌላው። እኔ ማኪያቶዬን እያማሰልኩ በንቀት አያቸዋለሁ። ዕድሜ ጥርሴን ወስዶ በምትኩ የሰጠኝ መናቅን ነው።

ግን ይህ በሽታ ከእኛ እንደተጋባባቸው አውቃለሁ። በስድሳዎቹ፣ ሰመራ የምትባል ከተማ ሳትኖር፣ እኔ ከአዋሽ ወደ ታች ባለ የጥጥ እርሻ የሚዛን ሠራተኛ ነበርኩ። የነበረኝ ሥልጣን ቀላል አልነበረም፤ ጆንያው ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎውን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል። እሑድ እሑድ በእርሻው መኪና ተጭኜ አዋሽ ከተማ እገባና በባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የሐጂ ሻይ ቤት እሰየማለሁ። ሐጂ ከወሎ የመጡ ነጋዴ ናቸው። ሻያቸው ደህና ነበር፤ ራዲዮአቸው ግን ከሻያቸው ይበልጥ ነበር። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። አዋሽ ላይ ከፀሐይ በቀር በነፃ የሚገኝ ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ በየእሑዱ የሚተላለፍ አንድ ተከታታይ ድራማ ነበር። የአንድ ባለጸጋ አንድ ልጅ ከአባቱ ተጣልቶ ከቤት ወጥቶ ጠፍቷል። የት እንደገባ አይታወቅም። አጎትየው መሬቱን አፍጥጦ ያያል። አንድ እሑድ አባትየው ልጁን እየጠራ ሞተ። ሐጂ መቅጃውን አስቀምጠው «ኢና ሊላሂ» አሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ መምህር መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እኔ አላለቀስኩም፤ አቧራ ገብቶብኝ ነው።

«ልጁማ ድሮ አልቋል» አለ መምህሩ። «አጎቱ ነው ያስገደለው።»

«አንተ መምህር፣ አፍህን በመልካም ክፈት!» አሉት ሐጂ። «ወላሂ ልጁ ሰልሞ ከአንድ ሼህ ዘንድ ቁርአን ይቀራል።»

«ለምን አይመነኩስም?»

«ቢመነኩስ ኖሮ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ መነኩሴ ዝም አይልም።»

«ሁለታችሁም አታውቁም» አልኩ እኔ፣ ጉዳዩን ከደራሲው ጋር የመከርኩበት ይመስል። «ልጁ በአሰብ መንገድ ነው ያለው።» ለምን ቢሉኝ ማስረጃ የለኝም። ይህን የመሰለ ጨዋ ልጅ ወደኛ በረሃ ሳይመጣ ቢቀር ቅር ስለሚለኝ ብቻ ነው።

እነሱም ሳቁብኝ።

ወደ እርሻው ስንመለስ መኪናው ላይ አጠገቤ የተቀመጠው የቦይ ዘበኛችን ነበር። አፋር ነው፤ ወዳጄም ነው። ግልገል ሸጦ መመለሱ ነው። ሳጥን ሲያወራ ማዳመጥ ስለማይወድ ቀኑን ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር የዋለው። እንደ ደንቡ «ምን ሰማህ?» አለኝ።

በአፋር አገር ሁለት ሰው ሲገናኝ ዳጉ ይቀመጣል። ያየውን የሰማውን ይለዋወጣል፣ የተቀበለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዳጉ መዋሸት ነውር ነው። ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ደገኛ አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ እል ነበር።

«አንድ ትልቅ ሰው ሞተ» አልኩት።

«የት?»

«በደጋ። አንድ ወንድ ልጅ አለው፤ ከአባቱ ተጣልቶ ጠፍቷል። መሬቱን አጎቱ ሊበላው ነው።»

«ልጁ ምን ይመስላል?»

ይህን ራዲዮው አልተናገረም። ግን ጥያቄ ሳይመለስ ማደር አልወድም። «ረጅም ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። በአሰብ መንገድ ነው ያለው።»

ወዳጄ አንገቱን በሐዘን ነቀነቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ ሐሳቤን ሳይስቅ የሚቀበል ሰው አገኘሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በሌላ እሑድ፣ ድራማው እየተላለፈ ሳለ አንድ ረጅም፣ ባለ ሪዝ ሰውዬ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ግራሶ ነው። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ከጎኑ የቦይ ዘበኛው ቆሟል።

«ይሄ ነው» አለ ዘበኛው በጣቱ እኔን እያሳየ።

ሰውዬው በአሰብ መንገድ ሰርዶ ላይ ጎሚስታ ነው፤ አገሩ ምንጃር። ጎማ ሲለጥፍ ግመል የሚነዳ ሰው መጥቶ ቅንድቡን አየና «ከአባትህ ተጣልተህ ነው የወጣኸው?» አለው። «አዎ» ሲል «ተነሣ፣ አባትህ ሞቷል፤ አጎትህ መሬትህን እየበላ ነው» አለው። ከማን ሰማህ ቢለው የነገረውን ሰው ጠቆመው። ያንን ሰው ቢጠይቅ አዳይቱ ላይ ወዳለ ሌላ ሰው አመለከተው። የአፋሮች ወሬ እንዲህ ነው፤ እየጠየቅህ ብትሄድ ምንጩ ድረስ ያደርስሃል። ምንጩ እኔ ነበርኩ፣ ግማሽ ዳቦ በአፌ።

«አባቴን ማን ቀበራቸው?» አለኝ።

«ወንድሜ፣ የሞተው ያንተ አባት አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ወደ ራዲዮው አመለከትኩ። እሱም ለአመሉ በዚያች ሰዓት ከመንሿሿት በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ትያትር ነው፣ ልጄ!» አሉ ሐጂ። «አባትህ በአላህ ፈቃድ ደህና ናቸው።»

«አይተዋቸዋል?»

«አላየሁም።»

ወደ መምህሩ ዞረ፤ መምህሩ ብርጭቆው ውስጥ አቀረቀረ። ወደ እኔ ዞረ። እኔ፣ ስለ ሁሉም ሰው መጨረሻ አስተያየት ያለኝ ሰው፣ ዳቦዬን ማኘክ ጀመርኩ።

«ከወጣሁ ጀምሮ ቃል ልኬላቸው አላውቅም» አለ ጎሚስታው ቀስ ብሎ። «ከሰርዶ እስከዚህ በመኪና ላይ እያለቀስኩ ቀብሬያቸው መጣሁ። አሁን ደግሞ አልሞቱም ትሉኛላችሁ። እኔ ይህን ይዤ እንዴት ጎማ እለጥፋለሁ?»

ሐጂ ስንቅ ቋጠሩለት። ወደ ናዝሬት በሚሄደው ባቡር ተሳፍሮ ወደ አገሩ ሄደ።

ዘበኛው አልጮኸብኝም። ብቻ «ያላየኸውን ሰው ጠባሳ ከየት አመጣህ?» አለኝ። ከዚያ ሥራውን ጀመረ፤ ሞተ የተባለው ሰው በሳጥን ውስጥ የሞተ መሆኑን፣ ወሬውንም ያመጣው የጥጥ እርሻው ሚዛን ሠራተኛ መሆኑን በዳጉ ቁልቁል ላከ። መልኬንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረ፦ አጭር፣ ሆዳም፣ ለፍላፊ። ቆይቶ ለሥራ አሳይታ ብወርድ ገበያ ላይ የማላውቀው ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ሚዛኑ ነህ? ዛሬስ ማን ሞተ?» አለኝ።

የጎሚስታው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ዘበኛውን ባየሁት ቁጥር እጠይቃለሁ፤ «አልሰማሁም» ይለኛል። አንድ ቀን ጠዋት ቦዩ ዳር ራሱ ጠራኝና አስቀመጠኝ። መጀመሪያ የዝናቡን፣ ቀጥሎ የግጦሹን፣ ከዚያ የታመመች ግመል ነገር በተራ ነገረኝ። እኔ መሬት ልቧጥጥ ምንም አልቀረኝም።

«ሰውዬው ወደ ሰርዶ ሲመለስ አገኘሁት» አለ በመጨረሻ። «አባቱ በሕይወት አለ። ልጁን ሲያይ በከዘራ መታው። ከዚያ አቀፈው።»

«እሰይ! ከዚያስ? ታረቁ? ምን አለው?»

«የሰማሁት ይሄን ነው።»

«ግን ምን ይመስልሃል፣ አባትየው—»

«የሰማሁት ይሄን ነው» አለና አካፋውን ይዞ ውኃውን ሊከፍት ተነሣ።

በቀጣዩ እሑድ ሐጂ ቤት የጎሚስታውን ወሬ ስላደረስኩ ራዲዮው ተከፍቶ ሳለ የሰማው አልነበረም። መምህሩ «በከዘራ የመታ ሰው ይቅር አላለም» ይላል። ሐጂ «የማይወዱት ልጅ አይመታም፣ ወላሂ ይቅር ብለውታል» ይላሉ። እስከ ባቡሩ መምጫ ድረስ ተከራከሩ። እኔ ብቻ በሐጂ ትእዛዝ ሻዬን በዝምታ እንድጠጣ ተፈርዶብኝ ነበር።