ለአጥቢያ ኮከብ የተለመነ ዝናብ

አያቴ ማዕድ ሲነሳ ሳይመርቁ የቀሩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የምርቃታቸው መጨረሻ ግን እንደ ሌላው ሽማግሌ አልነበረም፤ እሱን ያመጣው የኔ ሬዲዮ ነው።

በልግ በቀረብን ዓመት፣ ከማስተምርበት ከሞላሌ ሬዲዮ ይዤ ቤት መጣሁ። አያቴ ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ ተመልሰው ምሳ ላይ ነበርን። በሬዲዮው የሶቪየት መንኮራኩር አጥቢያ ኮከብን፣ ቬነስ የምትባለዋን ዓለም፣ እየዞረች አየሯን ታጠናለች ተባለ። ሰማይዋ ዘወትር በደመና የተሸፈነ ነው፤ የሚዘንበው ግን ከሙቀቱ ብዛት መሬት ሳይነካ ይተናል።

አያቴ ስለ መንኮራኩሯ አንድም አልጠየቁኝ። "ደመና እያላት ጠብ አይልላትም?" አሉ።

"ዝናቡም አሲድ ነው፤ ያቃጥላል" አልኳቸው።

"እሱን እግዜር ያጣራዋል።"

ማዕዱ ሲነሳ፣ "ዝናሙን ለምሕረት፣ ምድሩን ለበረከት ያድርግልን" ብለው መረቁና፣ "ለአጥቢያ ኮከብም ጠብ ያድርግላት" ሲሉ ጨመሩ።

አክስቴ አልቻለችም። "አባባ፣ የኛ ገብስ ቆሞ እየደረቀ ለኮከብ ዝናብ ይለምናሉ?"

"ደመና እያየ ዝናብ ላጣ አገር፣ መንዜ ካላዘነለት ማን ሊያዝንለት ነው?"

ከዚያ ወዲህ ያችን ልመና አስታጉለው አያውቁም።

ትናንት ተዝካራቸው ነበር። ቄሱ መርቀው ሲጨርሱ እንግዳው ሁሉ አሜን ብሎ ተነሳ። እኛ ቤተሰቦቻቸው ግን ማንም ወዳልተቀመጠበት የአያቴ አጎዛ እያየን፣ የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ ጠበቅን።

ቆይታ ቆይታ አክስቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች።

"ለአጥቢያ ኮከብም" አለች፤ "ጠብ ያድርግላት።"