በእትዬ በር ላይ የቆሙት ግራጫዎች

ልጅ ሆነን ቅዳሜ ጠዋት የምናየው አንድ የካርቱን ፊልም ነበር። አንዲት ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ጎህ ሲቀድ ግራጫ የለበሱ፣ ፊት የሌላቸው ሰዎች መጥተው ቤቷ በር ላይ ይደረደራሉ። አያንኳኩም፣ አይናገሩም። እናትየዋ በሩን ከፍታ የልጇን ስም ከጠራች ልጅቷ ትመለሳለች። ካለቀሰች ግን ልጅቷ ከግራጫዎቹ አንዷ ሆና ትቀራለች። እናትየዋ አላለቀሰችም፣ ልጅቷም ተመልሳለች። ለእኔ ግን ያ ምንም አላጽናናኝም። ሽንት ቤታችን ከጓሮ ስለነበር፣ ብቻዬን አልሄድም እያልኩ ቤቱን ሳስቸግር ከርሜያለሁ።

የምናየው ቀራንዮ ሰፈር፣ ጎረቤታችን የነበረው ጓደኛዬ ቤት ነው። ቴሌቪዥን ያላቸው እነሱ ነበሩ። እናቱን እትዬ ነው የምላቸው። ከኋላችን ቁጭ ብለው ምስር እየለቀሙ "ይሄን ሰይጣናም ነገር ዝጉት" ይሉናል፤ ነገር ግን እስኪያልቅ ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አይሉም።

አደግን። እኔ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሆንኩ፤ ጓደኛዬ በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ፤ ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው። እትዬ "አይዞዎት" የሚላቸውን ሰው አይወዱም። "ምን ሆንኩና ነው የምታጽናኑኝ?" ይላሉ። ከጸሎት ቡድናቸው አንዷ "ጌታ ያጽናዎት" ብላቸው ለወራት ኩርፊያ ነበር።

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ያንን ካርቱን በእውነተኛ ሰው፣ በአጭር ፊልም ልንሠራው ተነሳን። ጉድጓዱም ልጅቷም አላስቸገሩንም። ያስቸገሩን ግራጫዎቹ ናቸው። በሥዕል ሲታዩ የሚያስበረግጉት ነገሮች በሥጋ ሲመጡ ያስቃሉ። የሰፈር ጎረምሶችን ሰብስበን ብናቆማቸው አንዱ ጭንቅላቱን ያካል፣ አንዱ ስልኩን ይነካካል። በመጨረሻ ካሜራማናችን "ዝም ብሎ መቆም የሚችል ሽማግሌ ብቻ ነው" አለ። የእድራችንን ሽማግሌዎች ለመንን፤ እየሳቁ እሺ አሉን። አርጅቶ ግራጫ የመሰለው ጋቢ የራሳቸው፣ ፊታቸው ላይ የምንቀባው አመድ ከእኛ።

በሩንስ? የእትዬ አሮጌ የቆርቆሮ በር ካርቱኑ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። ወይም ለእኔ እንደዚያ ይመስለኛል። ጠየቅኳቸው። "ሥሩ፣ እናንተም ልጆቼ ናችሁ" አሉ። በሩ ላይ እነማን እንደሚቆሙ ሳልነግራቸው "ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን" ብያቸው ወጣሁ። ጠዋት ለእሳቸው ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው፤ ለእኛ ደግሞ ሰማዩ ገና አመድ ሳለ ነው። ይህን ማንም አላሰበውም።

ቅዳሜ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻ መጣያው በኩል ጭስ ያመጣል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ተደረደሩ። በካሜራው መስኮት ሳያቸው ያው የድሮዎቹ ናቸው። ካሜራውን አስነሳን። የእናትየዋ ተዋናይ ገና አልደረሰችም ነበር፤ እኛ የምንቀርጸው የቆሙትን ሽማግሌዎች ብቻ ነው። በሩ ግን ከውስጥ ተከፈተ። እትዬ ለንጋት ጸሎት እየወጡ ነበር።

በእኛ አገር የእድር ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ሳይነጋ በር ላይ ከቆሙ ጉዳያቸው አንድ ነው፤ መርዶ። እትዬ አንድ በአንድ አዩዋቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ከእጃቸው ወደቀ። "ልጄን" ብለው ደረታቸውን መቱ፤ ጩኸታቸው አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። ሽማግሌዎቹም ለካ ልማድ ሆኖባቸዋል፤ ሁለቱ የእትዬን ክንድ ደግፈው አብረው ማልቀስ ጀመሩ። ጎረቤት ነጠላውን እየጎተተ ወጣ። አንዱ አግዳሚ ወንበር ማውጣት ጀምሯል።

ሮጬ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። "እትዬ፣ የተሰማ ነገር የለም። ለፊልሙ ነው የመጡት፣ ለካርቱኑ።"

ደስ ይላቸዋል ወይም ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ክው ብለው ቀሩ። ፊታቸው ሽማግሌዎቹ የተቀቡትን አመድ መሰለ።

"በቁሙ አለቀስኩበት" አሉ።

"እትዬ፣ ካርቱን እኮ ነው።"

"አውቀዋለሁ። ከኋላችሁ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ።" እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "እናንተ የተበላሸውን ትደግሙ የለም? የዛሬውን አጥፋው። ነገ ድገሙት። በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።"

ዓይናቸው እያየ አጠፋሁት። ሽማግሌዎቹ መምጣት አልፈለጉም። አንዱ "ይሄ ነገር ደግ አይደለም" አለኝ። ቢሆንም እትዬን እምቢ የሚል አልተገኘም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተ። እትዬ ነጭ ለብሰዋል። ግራጫዎቹን ከዳር እስከ ዳር አዩና ከንፈራቸውን ነክሰው የልጃቸውን ስም ጠሩ። ትዕይንቱ እዚያ ላይ ያበቃል፤ አቁሙ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ደግመው ጠሩ። በካሜራው ውስጥ ዓይናቸው እንባ ሲሞላ አየሁ፤ ሊወርድ ነው።

"አቤት እማ" አለ አንድ ድምፅ።

የእኔ ነበር። እኔ እትዬን "እማ" ብያቸው አላውቅም። ኳስ እየተጫወተ ከመንገድ ማዶ እንደዚያ አድርጎ ጎተት እያደረገ የሚመልሰው ልጃቸው ነበር። እንዳይነቃነቁ የተነገራቸው ሽማግሌዎች ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እትዬ እንባቸውን ዋጡ። "ና ግባ፣ ቁርስህን ብላ" አሉ። ገብቼ በላሁ።

ፊልሙ አልቋል፤ ትዕይንቱን ከድምፄ በፊት ቆረጥነው። እትዬ አእምሯቸው ደህና ነው። ጠዋት አስራ ስምንት ማዞሪያ ወደሚባለው ፌርማታ ታክሲ ልይዝ ሳልፍ በራቸው ላይ ቆመው በራሴ ስም ሰላም ይሉኛል፣ እናቴን ይጠይቁኛል። ትንሽ ራቅ ስል ግን ከኋላዬ በእሱ ስም ይጠራሉ። እኔም ዞሬ "አቤት እማ" እላለሁ።

እናቴ "በሌላ ሰው ስም አቤት አትበል፣ ለአንተም ጥሩ አይደለም" ትለኛለች። ልክ ናት። ሥራዬ ምስል ነውና ካርቱን በሰው እጅ ተስሎ እንደሚሠራ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ነገር ግን ዝም ካልኩ እትዬ ያለቅሳሉ፤ እኔ ደግሞ እንዳያለቅሱ እፈራለሁ።