ድልካ ያላስለቀቀው ጥቁረት

ራውዳ አል-ጠይብ አንገቷን መደበቅ የጀመረችው በአሥራ አራት ዓመቷ፣ መምህርቷ የአንገቷን ጥቁረት አይታ በተማሪ ፊት «ታጥበሽ ነይ» ባለቻት ዕለት ነው። እናቷ በሎሚ ፈተገቻት። የቆዳ ሐኪሙ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት የማንጫ ቅባት ጻፈላት፤ አልመዘናት፣ ደሟን አላስመረመረ፣ ከቤተሰቧ ስኳር ያለበት እንዳለ አልጠየቀ። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲሁ አለፈ። የግራ እግሯ ቁስል አልድን ብሎ ሁለት ጣቶቿ ከተቆረጡ በኋላ ነው አንዲት ነርስ ሻሿን ገለጥ አድርጋ «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ያለቻት። እንደ ከፋይ የወፈረው ጥቁረት፣ በዙሪያውም የተንጠለጠሉት ጥቃቅን ሥጋዎች፣ ሰውነቷ ለኢንሱሊን አልታዘዝ ማለቱን፣ የስኳር በሽታም እየመጣባት መሆኑን ሲናገሩ ኖረዋል። እድፍ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ደግሞ ተራው የልጇ የሹሩቅ ሆነ። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እንደ ሱዳኗ ኦምዱርማን ከተማ ሙሽራ ሁሉ ከቤት ሳትወጣ ጢስ ትሞቃለች፣ ትታሻለች፣ ትቀለባለች። ሙሽራ አዘጋጇ ሐጃ ቡሰይና በቅመም የተቦካውን የድልካ ሊጥ አንገቷ ላይ ታሽከረክራለች።

«ጢስ ነው እንዳልል፣ ጢስ እንዲህ አያጠቁርም! አንቺ ልጅ፣ ከተወለድሽ ይሄ አንገት ውኃ ነክቶት ያውቃል?»

«ቆዳዬን ጨረስሽው እኮ፣ ሐቡባ!» አለች ሹሩቅ፣ ሐጃን እንደ አያቷ ጠርታ፣ እየሳቀችም እንባዋ እየወረደም።

አክስቷ ናዕማ መዲዳ የሚሉትን ጣፋጭ የቴምር አጥሚት በሳህን ሞልታ ገባች፤ ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛው ሳህን ነው። «ተያት፣ መጀመሪያ ትጠጣ። አጥንቷ ከታየ አማቷ ‘በረሃብ ነው ያሳደጋችኋት?’ ትለናለች።»

ራውዳ ምርኩዟን ይዛ ከበሩ ላይ ቆመች። በአንድ እጅ ምልክቱን ይፈትጋሉ፤ በሌላው እጅ መንስኤውን ያጎርሳሉ። ይህንንም ፍቅር ይሉታል።

«ናዕማ፣ ሳህኑን አንሺው። እርስዎም ሐጃ፣ እጅዎን ከልጄ አንገት ላይ ያንሱ።»

«ሱብሃነላህ! አንቺንም እኔው ነኝ አዘጋጅቼ የዳርኩሽ!»

«አውቃለሁ። የእኔንም አንገት እርስዎ ነዎት የላጡት።» ራውዳ ጫማዋን አውልቃ የጎደለ እግሯን በምንጣፉ መሐል አኖረችው። «እድፍ ነው ብለው ያጸዱት ይሄን ነው።»

ከዚያም ወደ ናዕማ ዞረች።

«ነገ ጠዋት በባዶ ሆዷ ለምርመራ ትወጣለች።»

«ሙሽራ? ሳትዳር?» ናዕማ ደረቷን መታች። «ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን። ጣቶቼ ሲቆረጡም ብሎ ነበር።»

በማግስቱ ወጣቱ ሐኪም ውጤቱን አይቶ ፈገግ አለ። «ስኳሯ ከፍ ብሏል፤ ግን በሽታው ገና አልያዛትም። በጊዜ መጥታችኋል። አመጋገቧን ታስተካክል፣ በእግሯ ትሂድ፣ በየጊዜው እንያት።»

ራውዳ አላመሰገነችውም። የልጇን ሻሽ ገለጠች።

«አንገቷን ይዩት» አለችው። «አዩት? እንግዲያው ይጻፉት። ከካርዱ ላይ፣ በቀለም።»

ሐኪሙ ፈገግታውን ተወና ጻፈ። ራውዳም እስኪጨርስ ድረስ ከእጁ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።