ካርዱ የሚሸፍነው ጉዞ

ቫልማይን «እንዴት ነሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ሳይሰማ ቢሄድ ምንም አይቀርበትም። መልሷ አንድ ነው፤ «ምንም አልልም» ትላለች። ስታምጥም ምንም አልልም፣ በምትሠራበት የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ የፈላ ዘይት እጇን ሲልጠውም ምንም አልልም። ከሲድኒ በማትርቀው የወደብ ከተማ በፖርት ከምብላ እኩዮቿ ሁሉ እንዲህ ናቸው። እግሩ በጄሶ የታሰረ ሰው እንኳ «ከዚህ የባሰ አለ» ይልና ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል። ሕመምን ማውራት እዚህ ሰፈር እንደ ልመና ይቆጠራል። ጨዋነት ነው ይላሉ። ግትርነት ቢሉት ይሻል ነበር።

ባሏ ኤሮል ደግሞ አፉን ይዞ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ወደብ ላይ የመርከብ ገመድ ሲያስርና ሲፈታ የኖረ ሰው ነው፤ ስንቱን መርከብ ሸኝቷል፣ አንዱንም ግን ተሳፍሮ አያውቅም። ጡረታ ሲወጣ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቫልማይን ይዞ ከነዚያ ፎቅ ከሚያካክሉ የመዝናኛ መርከቦች በአንዱ መሄድ። «እስቲ አንድ ቀን እንኳ ገመዱን ሌላ ሰው ይፍታልኝና እኔ ከላይ ሆኜ እጄን ላውለብልብ» ይላል።

ያንን የክሬዲት ካርድ ያወጣው ለዚህ ሲል ነው። ካርዱ ከነኢንሹራንሱ ነው የሚመጣው፤ የጉዞውን ትኬት በካርዱ የከፈለ ሰው እሱም ሚስቱም ይሸፈናሉ። ኤሮል ይህን ካወቀ ወዲህ፣ አዛውንቶቹ ሣር ላይ ኳስ በሚያንከባልሉበት ክለብ ሌላ ወሬ የለውም። ኳሱን ሊለቅ ጎንበስ ያለን ሰው ሳይቀር አስቁሞ ያስረዳል። የቫልማይ ጓደኛ ኖላ ምላሷ ሰው አይምርም፤ «ቫል፣ ይሄ ሰውዬ ካርዱን አግብቶ አንቺን እንዳይፈታሽ ብቻ» ትላታለች።

መጀመሪያ የመረጠው ጉዞ ከሲድኒ ተነስቶ፣ ታዝማኒያ ደርሶ ሲድኒ የሚመለስ ነበር። «ከራሳችን ውኃ አንወጣም። ምንም ቢመጣ አገራችን ነን፤ የመንግሥት ሕክምና አለ፣ ካርዱም አለ» ብሎ ለክለቡ ሁሉ ለፈፈ። ትኬቱን ሊቆርጥ ሲል ኖላ «እስቲ መጀመሪያ ደውልና ጠይቅ» አለችው። እልህ ይዞት ደወለ። ለካስ የሱ ካርድ የሚሸፍነው ከአገር የሚወጣን ሰው ብቻ ኖሯል። የመንግሥቱ ሕክምናም ቢሆን መርከቡ ላይ ላለው ሐኪም አይከፍልም። የአገሩ ዳርቻ በመስኮት እየታየው፣ ኤሮል ባሕር ላይ ያለ ምንም ሽፋን ሊታመም ነበር ማለት ነው።

አኮረፈ። ግን ወንድ ነውና ለክለቡ ሰው ሁሉ ዞሮ «ተሳስቻለሁ» አለ። ኖላ አልማረችውም፤ «ምነው፣ አገራችን ነን አላልክም?» እያለች ሰነበተች። በመጨረሻ «እንግዲያው ኒው ካሌዶኒያ እንሄዳለን» ብሎ ተነሳ። ፈረንሳይኛ የሚነገርባት ያቺ ደሴት ባሕር ማዶ ስለሆነች ካርዱ ጉዞውን ይሸፍናል። በዚያ ዕድሜው ፓስፖርት አወጣ። ፎቶው ላይ በርበሬ የታጠነ ነው የሚመስለው፤ ቫልማይ ይህን ስትነግረው ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቫልማይ አንድ ነገር ደብቃለች። ከፋሲካ ወዲህ ደረቷን ይጫናታል። ልብስ ስታሰጣ ክንዷን ካነሳች ትንፋሽ ያጥራታል። ዳገቱን ስትወጣ መሐል ላይ ትቆምና የሰው አትክልት የምታደንቅ ትመስላለች። ሐኪም ጋ አልሄደችም። ከሄደች ሕመሙ ስም ይወጣለታል፤ ስም ከወጣለት ደግሞ ኤሮል መርከቡን ይሰርዛል። «ስንመለስ እታያለሁ» ብላ ከራሷ ጋር ተስማማች። ኤሮል ሁልጊዜ እራት ላይ ስለ መርከቡ ሲያወራ፣ ስንት ዓይነት ቁርስ እንዳለ፣ ገመዱ በየት በኩል እንደሚወርድ ሲነግራት፣ ያ የተጨማደደ ፊቱ ይፈካል። እንዴት አድርጋ ታጥፋው? ዕድሜ ልኩን የጠየቃት ይህንኑ አንድ ነገር ነው።

ትኬቱ በካርዱ ተከፈለ። የቀረው የጤናው ጥያቄ ብቻ ነበር። ኤሮል የልቡ ደም ሥር ጠብቦ ቱቦ የገባለት ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ከመሄዱ በፊት ለኢንሹራንሱ ደውሎ ማስታወቅ አለበት፣ አብሮት የሚሸፈነውም ሰው እንዲሁ። አንድ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ኤሮል የዳቦውን ፍርፋሪ ጠራርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ለሁለቱም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተው። ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት። ኤሮል ያልነገራት የለም፤ ልቡን፣ ጉልበቱን፣ የኪንታሮቱን ነገር ሳይቀር።

«አንተ ሰውዬ፣ እሱን ማን ጠየቀህ?» አለች ቫልማይ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ እስቲ። አንዱን የደበቅሽ እንደሆነ አይከፍሉም።» ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ የምዘከዝክልሽ ለራሴ ብዬ አይደለም። እኔ ከሞትኩ ምን ቸገረኝ። ግን እዚያ ማዶ ድፍት ብል፣ ሚስቴ በሰው አገር ሆስፒታል በር ላይ ብቻዋን ቆማ ክፈይ እንድትባልብኝ አልፈልግም።»

የቫልማይ እጅ ሲኒው ላይ ቀረ። እስካሁን ስትፈራ የነበረው የሱን ደስታ እንዳታበላሽ ነው። እሷ ብትወድቅ በሩ ላይ ማን እንደሚቆም አስባው አታውቅም። ኤሮል ነዋ! አንድ የፈረንሳይኛ ቃል የማያውቀው፣ ክኒኑን እንኳ እሷ ካላስታወሰችው የማይውጠው ኤሮል። የዋህዬ፣ ሁሉን ነገር ያሟላ መስሎት እኮ ነው።

«አሁን ደግሞ ባለቤትዎ ይመልሱልኝ» አለች ልጅቷ። «ወይዘሮ ቫልማይ፣ ጤናዎ በአጠቃላይ እንዴት ነው?»

«ምንም አልልም» አለች፤ አፏ ለምዶባት።

«እሷ ብረት ናት፣ እኛን ሁሉ ነው የምትቀብረው» አለ ኤሮል።

«ጥሩ። ባለፉት ወራት፣ ሐኪም ያላዩትም ቢሆን፣ ደረትዎን የመጫን ወይም ትንፋሽ የማጠር ነገር ነበረ?»

«የለም የለም» አለ ኤሮል ቀድሟት።

«ይቅርታ አቶ ኤሮል፣ ከሳቸው ነው መስማት ያለብኝ።»

ኤሮል «በያ ንገሪያት» በሚል ዓይን አያት። ፈገግ ብሏል። ቫልማይ ያንን ፈገግታ እያየች መናገር እንደማትችል አወቀችና ዓይኗን ወደ ስልኩ መለሰች።

«አዎ» አለች። «ነበረ። አሁንም አለ።»

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሐኪም ሳያያት የጉዞውን ነገር መወሰን እንደማይቻል፣ ለጉዞው ሳይሆን ለራሷ ስትል ዛሬውኑ እንድትታይ ነገረቻት። ኤሮል ሰምቶ ሲጨርስ «አመሰግናለሁ የኔ ልጅ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ቁጭ ብለሽ ታዳምጪኛለሽ? እኔ ስለ ቁርስ ስቀባጥር?»

«ደስ ብሎህ ነበራ፣ ኤሮል። ምን ላድርግ?»

«መርከብማ ዕድሜ ልኬን ሳይ አይደል እንዴ የኖርኩት!» አለ። «መርከቡ ምን ያደርግልኛል? አንቺን ይዤ መሄዱ ነበር የኔ ነገር። ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ።»

ሳህኑን ልጠበው ልትል ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። መኪናው ውስጥ ኤሮል ቀስ ብሎ ነዳ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘግቶ አዳመጠ። ልብስ ስታሰጣ የሚሆነውን ነገረችው። ዳገቱን ነገረችው። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዛ እስኪያልፍላት መቆሟንም ነገረችው። ዝም ባለች ቁጥር «ሌላስ?» ይላታል፣ እሷም ትቀጥላለች። ያ ሁሉ ወሬ ከየት እንደመጣላት ራሷም ገረማት።

«ሌላስ?» አለ።

«ሌላማ... ፈርቻለሁ» አለችው።

ኤሮል መኪናውን ጥግ አስያዘ። እጇን ከጭኗ ላይ አነሳና በዚያ ገመድ ባሻከረው እጁ ውስጥ ከተተው።

«እኔም» አለ። ከዚያ ወደ ክሊኒኩ የሚወስደውን መንገድ ቀጠሉ።