ክር የሌለው መርፌ

ባለፈው ጁምዓ ሁለት ልጆች የእናቴን የስፌት መኪና ከማዶ ቤት ተሸክመው ሱቄ በር ላይ አወረዱልኝ። ወደ ውስጥ አስገቡትና "እትዬ ዘሀራ ከመሞቷ በፊት ለሙኒራ ስጧት ብላ ነበር" ብለውኝ ሄዱ። መሳቢያውን ስስበው የቆየ የመኪና ዘይት ሽታ ፊቴ ላይ መጣ፤ ያ ጣት ላይ ከያዘ በሳሙና የማይለቅ፣ ብረት ብረት የሚል ሽታ። ከታች ጥላሸት የመሰለ ቁራጭ ጨርቅ ተጨማዶ ተኝቷል። አወቅሁት። ለቅሶው ላይ ያልወጣኝ እንባ አሁን ሲወጣ ሰው እንዳያየኝ በሩን ገርበብ አደረግሁት፤ ያለቀስኩት ግን ለሟቿ አልነበረም፣ በንዴት ነው።

ሟቿ እትዬ ዘሀራ የአጎቴ ሚስት ናት። እናቴ ወልቂጤ ላይ ስትሞትብኝ አጎቴ ወደ ቡታጅራ ወሰደኝ፤ የስፌት መኪናው ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ እኔ ውስጥ ተጣብቄ አብረን መጣን። እትዬ ዘሀራ በር ላይ ወጥታ እጇን መጀመሪያ ያሳረፈችው መኪናው ላይ ነበር። በማግስቱ መስኮቷ ሥር አስቀምጣ የሰፈሩን ልብስ መስፋት ጀመረች። የማን ነው ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔም ልጅ ነበርኩ።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልታስተምረኝ ተስማማች። ትምህርቷ እንዲህ ነበር፦ ክሩን ከመርፌው ላይ ትመዘዋለች፣ ከአሮጌ ደብተር ገጽ ቀድዳ ከመርፌው ሥር ታስገባለች፣ "በመስመሩ ላይ ሂጂ" ትላለች። እግሬ መርገጫው ላይ በቅጡ ስለማይደርስ ግማሽ ቆሜ ግማሽ ተቀምጬ እረግጣለሁ፤ ጎማው ደግሞ እንደ ግትር አህያ ወደ ኋላ ይዞርብኛል፣ በዞረ ቁጥርም የእንጨት ማስመሪያዋ ጉልበቴ ላይ ያርፋል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የጎረቤት ልጆች ጭቃው ውስጥ ይቦርቃሉ፣ እኔ ወረቀት እበሳለሁ። የበሳሁትን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታነሣና "አሁንም ሰክረሻል" ትለኛለች፤ ጠማማ ነው ማለቷ ነው። መስመሬ ቀጥ ካለ በኋላም ቢሆን ክር አልሰጠችኝም። ክሩ የእሷ ነበር፣ የእኔ ቀዳዳው ብቻ።

አረፋ ሲቃረብ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዘመዶች ለአጎቴ ልጆች አዲስ ልብስ እንደሚያመጡ ተወራ፤ ስለ እኔ ማንም ምንም አላለም። ከእናቴ የቀረችኝ አንዲት አረንጓዴ ቀሚስ ነበረች፣ እናቴ ለብሳት ስታልፍ ከሩቅ የምለይባት፣ ወገቧ ላይ በእናቴ እጅ የተሰፋች። እትዬ ዘሀራ ገበያ በወጣችበት ቀን አወጣኋትና በልኬ ቆረጥኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም መርፌው ላይ ክር አስገባሁ። ጨርቅ ከጨርቅ ሲያያዝልኝ ሳይ እናቴ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ።

የአረፋ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ሳለ ለብሻት ብቅ አልኩ፤ ማለትም ግማሿን። ቀኝ እጄ ወጣ፣ ግራው ግን እጅጌው ውስጥ ሄዶ ሄዶ ቆመ። ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ነው የሚበሳው፤ ልብስ ላይ የት እንደሚቆም የነገረኝ ስላልነበረ እጅጌውን ከብብት እስከ አፉ ስሰፋ አፉንም አብሬ ዞሬ ዘግቼዋለሁ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እትዬ ዘሀራ አልሳቀችም። ቀሚሷን ከላዬ ገፈፈቻትና "ደህናውን ጨርቅ ገደልሽው!" ብላ መቀሷን አነሣች፣ በእንግዳው ሁሉ ፊትም ቆራረጠቻት። "የመኪናው መወልወያ ትሁን" አለች። አንዲት ስፌት ብትተረትርልኝ እጄ ይወጣ ነበር። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አላህ ያውቃል።

ቂም ያዝኩ፤ አጥብቄ ያዝኩ። ስፌትን ከሌላ ሰው ተማርኩና ሱቄን ሆን ብዬ ከቤቷ ፊት ለፊት ከፈትኩ። መኪኖቼ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው፣ ጩኸታቸው በመስኮቷ ይገባል። በየአረፋው እኔ የሰፋሁትን የለበሱ ሴቶች በደጇ ሲያልፉ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ስታይ አያት ነበር፤ ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም። ዓይኗ ደክሞ መስፋት ስታቆም ደግሞ የልጅ ልጇን ጨርቅ አስይዛ ላከችብኝ። ስጠብቀው የኖርኩት ቀን ነበር። ጨርቁን እንኳ አልዘረጋሁትም።

"ገና ወረቀት ላይ እየተለማመድኩ ነው በያት" አልኳት፤ "ክር ሲሰጡኝ እሰፋላታለሁ።"

ልጅቷ ምንም ሳይገባት ተመለሰች። አያቷ ግን ገብቷታል፤ ምክንያቱም ሌላ ሰፊ ጋ አልሄደችም፣ በየአረፋው ያንኑ በጣቷ የጣጣፈችውን አሮጌ ቀሚስ ለብሳ እኔ እንዳያት በሯ ላይ ትቀመጥ ጀመር። እልኸኛ ነበረች። እኔም በእግሯ መጥታ በአፏ እስክትለምነኝ እጠብቃለሁ አልኩ፤ ስትመጣ የምላትንም አዘጋጅቼ አስቀመጥኩ፦ "እትዬ፣ መጀመሪያ ስለ አረንጓዴዋ ቀሚስ እንነጋገር።"

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ገና ሱቄን ስከፍት፣ የጎረቤት ሴቶች መጡ። "ዘሀራ ሄደችብን፣ አላህ ይርሐማት፤ ነጭ አቡጀዲ ቁረጪልን" አሉኝ። ዘረጋሁ፣ ለካሁ፣ ቆረጥኩ። ሳላስበው እጄ በልማድ ጨርቁን ወደ መኪናው ሳበው። ትልቋ ሴትዮ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተይ ልጄ፣ ከፈን አይሰፋም።"

ለእትዬ ዘሀራ ያዘጋጀሁላት ልብስ ይኸው ክር ያልነካው ሆነ፣ ሳትለምነኝም ለብሳው ሄደች። አሁን መኪናው ሱቄ ውስጥ ተቀምጧል፤ ይቅርታ ይሁን ስድብ፣ ጨርቋን ከመሳቢያው ሳታወጣ ለምን እንደላከችልኝ የምጠይቀው ሰው የለም። ጨርቋን ደጋግሜ በሳሙና አሸኋት፣ አረንጓዴው ግን አልተመለሰም። እንደ ልማዴ ጠዋት መጥቼ እከፍታለሁ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬም ወደዚያ ማዶ አያለሁ። በሯ ተዘግቷል። እኔ ደግሞ ሱቄን እዚህ የከፈትኩት ለእሷ ነበር።